ከአራተኛው ረድፍ በኋላ ተዋናዮቻችን አይሰሙም

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ያለን አማተር የቴአትር ክበብ ነን። ከመምህር እስከ ፀጉር ሠሪ ያለንበት፣ ከሥራ በኋላ የምንለማመድ። የምናሳየው በቀበሌ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ባዶ። 150 ሰው ያህል ይይዛል።

ልምምድ ላይ ጥሩ ነን። ተመልካች ሲገባ ግን ከኋላ «አልተሰማም!» ይባላል። ተዋናዩ ሲጮህ ደግሞ ድምፁ ያስተጋባና ቃሉ ይድበሰበሳል። እናት ልጇን በሹክሹክታ የምትለምንበት ትዕይንት አለን። ጮኻ ስትለምነው ሰው ሳቀ። ዝናብ ከመጣማ ተዉት።

ሁለት ማይክ ተከራይተን ከመድረኩ ፊት አቆምን። ጎልቶ የተሰማው የጫማ ኮቴ ነው፤ ስፒከሩም ያፏጭ ጀመር። ልብስ ላይ የሚሰካውን ማይክ ለሁሉም መከራየት አቅማችን አይደለም፤ መግቢያችን 50 ብር ነው። የኋላው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ስንሰቅል ማስተጋባቱ ትንሽ ቀነሰ። እስካሁን የረዳን እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ትንፋሽን ከሆድ የማውጣት ልምምድ ለነባሮቹ ጠቅሟል፣ አዲሶቹ ግን መድረክ ላይ ሲወጡ ይረሱታል።

አዳራሽ መቀየር አንችልም። እጃችን ላይ 8 ሺህ ብር አለ፤ ቀጣዩ ትርኢት ከፋሲካ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ባዶ አዳራሽ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የመጨረሻው ረድፍ እንዲሰማ ብሩን የቱ ላይ ብናውለው ይሻላል፤ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ላይ ወይስ የድምፅ አሠልጣኝ ላይ?