ሦስት ምጣድ ለእድራችን ወጥ ቤት፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። ማገዶው ቀርቶ፣ ባለችን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ሁለት ይጨመር ተብሏል። ጭሱ እናቶችን ጨርሷቸዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ እደግፋለሁ። መስመሩ ግን ያለው ይበቃል። ብሬከሩ እየቆረጠ ካስቸገረ በትልቅ መለወጥ ነው።

ኤሌክትሪሻኑ፦ ጋሼ፣ እሱን እንኳ ይተዉት። ምጣዷን ለክቻታለሁ። ጠዋት 220 ቮልት፣ 15 አምፔር። ሲባዛ 3,300 ዋት ነው፤ ጉልበቷ ይሄ ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍሉት 14.7 ኦም ይመጣል፤ ይሄ ሬዚስታንሷ ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ 190 ቮልት፣ 13 አምፔር ሆነ። ሬዚስታንሱ ያው ነው ማለት ይቻላል። ኃይሉ ግን 2,470 ዋት ወረደ። ቮልቱ 14 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ ሩቡን አጣ።

የወጥ ቤት ተጠሪ፦ ለዚህ ነዋ ማታ ማታ እንጀራው ዓይን የማያወጣው! ሰዉ ሊጡ ላይ ያላክካል።

ኤሌክትሪሻኑ፦ አዎ እትዬ። ዋናው ችግር ግን ሽቦው ነው። ከቆጣሪው እስከ ወጥ ቤቱ 40 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 80። ውፍረቱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ስለሆነ 0.6 ኦም ገደማ አለው። ሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይል፣ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በኦሙ ሲባዛ ነው። ለአንድ ምጣድ 135 ዋት። ሦስቱ ባንዴ ሲሠሩ 45 አምፔር፣ በግርድፉ 1,215 ዋት! ምጣዱ ሦስት እጥፍ፣ የሽቦው ሙቀት ዘጠኝ እጥፍ። ብሬከር የሚገባው እኮ ሽቦውን ሊጠብቅ ነው። እሱን አሳድገን ሽቦውን ከተውነው እሳት ጠራን ማለት ነው።

ወጣት አባል፦ ይሄ ሁሉ የነፋስ ተርባይን አዳማ ላይ ተተክሎ? አዳማ 2 ብቻ 153 ሜጋዋት ነው። አንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋዋት፤ 450 ምጣድ ያስጋግራል።

ኤሌክትሪሻኑ፦ ነፋስ ካለ። ደግሞ እሱ የሚገባው ወደ አገር አቀፉ መስመር ነው። የኛ ጣጣ ያለው 40 ሜትሯ ላይ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ ተረታሁ። ምን ይሻላል ታዲያ?

ኤሌክትሪሻኑ፦ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ፣ ማለትም ኃይሉ በሦስት የተለያዩ ሽቦዎች የሚገባበትን፣ እንጠይቅ። ምጣዶቹ በየፌዛቸው ይሁኑ። ያኔ በአንድ ፌዝ ከ15 አምፔር አይበልጥም። መመለሻ ሽቦው በሙሉ የሚጫነው አንዷ ብቻዋን ስትሠራ ነው፤ ሽቦው ባለ 6 ከሆነ ያኔም እንኳ መንገድ ላይ የሚቀረው 4 ቮልት አይሞላም። ለእያንዳንዷ 20 አምፔር ብሬከር።

የወጥ ቤት ተጠሪ፦ ወለሉ ሁሌ እርጥብ ነው። ነገ አንዷን ቢይዛትስ?

ኤሌክትሪሻኑ፦ ልክ ነሽ እትዬ። የመሬት ሽቦ የግድ ነው፤ ሦስቱም ምጣዶች ይያያዙበት። ጸሐፊ፣ አንደኛ ነጥብ አድርገው።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ የመሬት ሽቦ፣ የሦስት ፌዝ ቆጣሪ ማመልከቻ፣ አዲስ መስመር፣ ከዚያ የምጣድ ግዢ። በዚሁ ቅደም ተከተል።

ገንዘብ ያዥ፦ ግዢው ላይ አንድ ነገር ጨምርልኝ። ሻጭ ሁሉ «3,500 ዋት ነው» ይላል። እንዴት ነው የምናምነው?

ኤሌክትሪሻኑ፦ ቴስተር ይዤ አብሬዎት እሄዳለሁ። 220 በ220 ተባዝቶ ለ3,500 ሲካፈል 13.8 ኦም ነው። ሱቁ ውስጥ ሳትሰካ እንለካታለን። 20 ኦም ካሳየች ግን 2,420 ዋት ናት፤ ጥለናት እንወጣለን።