ከመንዝ በግ ሃይፖታላመስ የጂኤንአርኤች ጂን ስናይ ሁለት ባንድ ወጣብን፤ ረጅሙ ምንድን ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በደንብ የተቀለቡና መኖ የተቀነሰባቸው የመንዝ እናት በጎች ውስጥ የጂኤንአርኤች (የመራቢያ ሆርሞኖችን የሚያስለቅቀው የአንጎል ሆርሞን) ጂን አሠራር እያነጻጸርን ነው። ናሙናው እንደታረዱ በረዶ ላይ የተቆረጠ ነው፤ የተወሰደውም ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይና ፊት ለፊት ካለው ክፍል ነው። ጂኤንአርኤች የሚሠሩት ሴሎች ጥቂትና የተበታተኑ ስለሆኑ ሃይፖታላመሱን (ሆርሞኖችን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል) በሙሉ መፍጨት ምልክቱን ያቀጥነዋል።

1 ማይክሮግራም አርኤንኤ በዲኤንኤዝ አጽድተን ሲዲኤንኤ (የአርኤንኤው የዲኤንኤ ቅጂ) ሠራን። የፒሲአር ፕራይመሮቹ (የሚባዛውን ክፍል የሚወስኑት አጫጭር ዲኤንኤዎች) ኤክሶን 1 እና ኤክሶን 2 (በተጠናቀቀው አርኤንኤ ውስጥ የሚቀሩ የጂኑ ክፍሎች) ላይ ናቸው፤ ማራዘሚያው በ72 ዲግሪ 1 ደቂቃ። ጄሉ ላይ ከሚጠበቀው አጭር ባንድ ሌላ ደብዘዝ ያለ ረጅም ባንድ አለ፤ መኖ በተቀነሰባቸው ደግሞ ይጎላል። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ያልገባበት መቆጣጠሪያ ንጹሕ ስለሆነ የዲኤንኤ ብክለት አይመስለኝም። የአኒሊንግ (ፕራይመሮቹ የሚጣበቁበትን) ሙቀቱን ከ58 ወደ 62 ዲግሪ ብናሳድግም አልጠፋም።

በአይጥ የዚህ ጂን የመጀመሪያ ኢንትሮን (በኤክሶኖች መካከል ያለና ከአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) ሳይቆረጥ የሚቀርበት ሁኔታ እንዳለ ይታወቃል። መኖ ያጣች በግ ጂኑን መገልበጥ ቀነሰች ወይስ ገልብጣ ኢንትሮኑን ሳትቆርጥ ቀረች የሚለው ለሥራችን ዋናው ነገር ነው።

ሁለቱን ለመለየት አንድ ፕራይመር የኤክሶን 1 እና 2 መጋጠሚያ ላይ፣ ሌላ ኢንትሮኑ ውስጥ አድርገን ለየብቻ ብንለካ ይበቃል ወይስ አስቀድሞ ረጅሙን ባንድ ከጄሉ ቆርጦ ሴኩዌንስ ማስደረግ ግድ ነው?