እማዬን ኮሎኝ ውስጥ የትኛው ቤተክርስቲያን ልውሰዳት? ሮማኔስክና ጎቲክስ ለምን ይለያያሉ?

የራይን ዳር ጠየቀች፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኮሎኝ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በሚቀጥለው ወር እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። የምትቆየው ሁለት ሳምንት ነው። ሱቅ ለሱቅ መዞር አትወድም። ገና ቪዛው ሳይወጣ «ያገሩን ቤተክርስቲያን ታሳይኛለሽ» ብላ ቃል አስገብታኛለች።

ችግሩ እኔ ራሴ አላውቅም። ዶሙ፣ ማለትም ትልቁ የኮሎኝ ካቴድራል፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስለሆነ ሥራ ስሄድ በየቀኑ አየዋለሁ። ባለፈው እሁድ ግን ዝናብ ሲያባርረኝ ሳንክት ማሪያ ኢም ካፒቶል የሚባለው ቤተክርስቲያን ገባሁ። ሌላ ዓለም ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ትንንሽ፣ ቅስቱ ሁሉ ክብ። ውስጡ ድንግዝግዝ ያለ። ዶሙ ደግሞ ሹልና ረጅም ነው፤ ግድግዳው መስታወት በመስታወት። የሁለቱ ርቀት በእግር ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

የሥራ ባልደረባዬ «ያኛው ሮማኔስክ፣ ዶሙ ጎቲክ ነው» አለችኝ። ስሙን ያዝኩ። ምክንያቱን ግን አላገኘሁትም። እማዬ ደግሞ «ለምን?» ማለቷ አይቀርም። የጊዜው ፋሽን ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው? የትኞቹንስ ላሳያት? ጉልበቷን ያማታል፤ ብዙ ደረጃ አትችልም።

ግንበኛው መለሰ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። የታሪክ ሰው አይደለሁም። አዲስ አበባ 11 ዓመት ግንበኛ ነበርኩ፤ መጨረሻ ላይ ፎርማን። ኮሎኝም እንጀራዬ ግንባታ ነው። እሁድ እሁድ እነዚህን ቤተክርስቲያኖች ስዞር ብዙ ዓመት አለፈኝ። በግንበኛ ዓይን ያየሁትን ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፋሽን ብቻ አይደለም። የጣሪያው ክብደት የት ይሄዳል? ይህችን አንድ ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። ሌላው ራሱ ይገለጥልሻል።

የእኛ ዘመን ሥራ የታወቀ ነው። ኮለን ይቆማል፣ ፌሮ ይታሰራል፣ ሶሌታ ይሞላል። ኮንክሪቱ መጫኑን ይችላል፤ ፌሮው መሳቡን ይችላል። እነሱ እጅ ላይ የነበረው ድንጋይና ኖራ ነው። ድንጋይ ሲጫኑት ይሸከማል፣ ሲስቡት ይሰነጠቃል። ቀድሞ ብዙው ቤተክርስቲያን የእንጨት ጣሪያ ነበረው፤ እንጨት ደግሞ ይቃጠላል። ስለዚህ ጣሪያውንም በድንጋይ መሥራት ፈለጉ። ሰፊ ቦታን በድንጋይ ለመሸፈን ቅስት ያስፈልጋል። ቅስት ደግሞ ወደ ታች ብቻ አይጫንም፣ ወደ ጎንም ይገፋል። መከራው ሁሉ ከዚህ ግፊት ነው የመጣው።

አሁኑኑ ሞክሪው። ክርኖችሽን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈሽ የሁለት እጅሽን ጣቶች ጫፍ ለጫፍ አጋጥሚ። ክርኖችሽን አራርቀሽ እጆችሽን ዝቅ አድርጊ። አንድ ሰው ከላይ ቢጫንሽ ክርኖችሽ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ። አሁን ክርኖችሽን አቀራርበሽ እጆችሽን ሽቅብ አቁሚ። ጭነቱ በክንድሽ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። የመጀመሪያው ክቡ ቅስት ነው፣ ሁለተኛው ሹሉ።

ሮማኔስክ ለዚያ የጎን ግፊት የሰጠው መልስ ወፍራም ግድግዳ ነው። ግፋ፣ እኔ አልነቃነቅም ይላል። መስኮት ማለት ደግሞ የግድግዳው ቁስል ነው፤ በሰፊው ከከፈትሽው ይደክማል። ያ ድንግዝግዝ ከዚያ ነው የመጣው። ከዚህ ወደ ደቡብ ሽፓየር የሚባል ከተማ አለ። ካቴድራሉን በ1030 አካባቢ ጀመሩት፤ 134 ሜትር ይረዝማል። ዛሬ ከቆሙት ሮማኔስክ ቤተክርስቲያኖች ትልቁ እሱ ነው። ሥራ ዕረፍት ያገኘሁ ጊዜ ሄጄ ግድግዳውን በመዳፌ እየነካሁ ዙሪያውን ዞርኩት። ያን ሁሉ ድንጋይ አንድ በአንድ ጠርቦ፣ ቱንቢ ጥሎ፣ ያለ ክሬን ሞተር ማቆም ምን ማለት እንደሆነ እጄ ያውቀዋል።

ጎቲክ የተለየ መንገድ ሄደ። ጣሪያው ክብደቱን በግድግዳው ሙሉ ርዝመት እንዳይጥል በድንጋይ ጅማቶች ሰብስቦ ወደ ተወሰኑ ነጥቦች አወረደው። እነዚያ ነጥቦች ላይ ምሰሶ አቆመ። የቀረውን የጎን ግፊት ከውጭ በድንጋይ ክንድ ያዘው። ዶሙን ከኋላ፣ በራይን ወንዝ በኩል ዞረሽ እዪው። እነዚያ በአየር ላይ የተዘረጉት ግማሽ ቅስቶች ጌጥ አይደሉም። የጣሪያውን ግፊት ከላይ ተቀብለው፣ ዝቅተኛውን ጣሪያ ተሻግረው፣ ውጭ ለቆመው ወፍራም ምሰሶ ያስረክባሉ። ምሰሶው አናት ላይ ያለችው ሹል ማማስ? እሷም ሥራ አላት። ክብደቷ ከላይ ሲጫን ምሰሶው በግፊቱ ወደ ውጭ እንዳይሸሽ ያግዘዋል። ይህን የተረዳሁ ቀን እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ቆንጆ ያልኩት ሁሉ ተሸካሚ ሆኖ አገኘሁት።

ግድግዳው እንግዲህ የሚሸከመው ጭነት ቀለለለት። ስለዚህ አውጥተው መስታወት ገጠሙበት። የብርሃኑ ምስጢር ይኸው ነው።

ግን ድንጋይ ወሰን አለው። ሰሜን ፈረንሳይ ቦቬ ላይ የመቅደሱን ጣሪያ 48 ሜትር አደረሱት፣ በ1284 ከፊሉ ወረደ። ምሰሶዎቹን ጨምረው እንደገና ሠሩት። በኋላ ደግሞ መሀሉ ላይ ከ150 ሜትር የሚበልጥ ማማ አቆሙ፤ እሱም በ1573 ወደቀ። ያ ቤተክርስቲያን እስከ ዛሬ አላለቀም።

ለእናትሽ የምለው፦ መጀመሪያ ካፒቶሏን ማሪያም ውሰጃቸው። በ1065 ነው የተቀደሰችው። መቅደሱ በሦስት በኩል ግማሽ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ቤተልሔም ያለው የልደት ቤተክርስቲያንም መቅደሱ እንዲሁ ነው። ውስጥ ያለውን አሮጌ የእንጨት በር እንዳታልፉት። የጌታ ታሪክ በ26 ሥዕል ተቀርፆበታል፤ ዕድሜው ወደ ሺህ ዓመት ይጠጋል። ከዚያ ሳንክት ጌሬዎን። ጌሬዎን ከላይኛው ግብፅ ከመጡት ክርስቲያን ወታደሮች አንዱ ሰማዕት እንደሆነ ይተረካል፤ እናትሽ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ዶሙን በመጨረሻ። ማማው ላይ ግን አደራ እንዳታስወጪያቸው፣ 533 ደረጃ ነው። ከዋናው መንበር ጀርባ ያለውን የወርቅ ሣጥን አሳዪያቸው። የሰብአ ሰገል አፅም ነው ተብሎ በ1164 ከሚላኖ የመጣው እዚያ ነው የተቀመጠው። ዶሙም ይህን ያህል የገዘፈው ለዚሁ ሣጥን ሲባል ነው።

ታሪክ ወዳድ መለሰ፦

ጋሼ ግንበኛው፣ ጥሩ ተናግረዋል። ሁለት ነገር ግን ልጨምር፤ እህታችን ተሳስታ እንዳትናገር።

አንደኛ፣ ሹል ቅስት ያየችበትን ሁሉ ጎቲክ እንዳትለው። እንግሊዝ አገር ደርሃም ካቴድራል በ1093 የተጀመረ ነው፤ ሮማኔስክ ነው የሚባለው፤ ግን የድንጋይ ጅማትም ሹል ቅስትም ጣሪያው ላይ አለ። ፈረንሳይ የነበረው የክሉኒ ትልቁ ገዳምም ሹል ቅስት ነበረው።

ሁለተኛ፣ ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ወድማለች። ካፒቶሏ ማሪያም ክፉኛ ፈርሳ እንደገና የተሠራች ናት። ግሮስ ሳንክት ማርቲን የሚባለው ሌላው ሮማኔስክ ቤተክርስቲያን ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1985 አልተከፈተም። ዶሙም ቢሆን የመካከለኛው ዘመን ሥራ በዋናነት መቅደሱ ነው። በ1248 ተጀምሮ፣ መቅደሱ በ1322 ተቀድሶ፣ ወደ 1560 ሥራው ቆመ። ሁለቱ ማማዎች ያለቁት በ1880 ነው።

ግንበኛው መለሰ፦

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ተቀብያለሁ። የማማዎቹን ነገር ማንሳት ነበረብኝ። አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ። ሥራው ቆሞ ሳለ ደቡቡ ማማ ላይ የእንጨት ክሬን ለ400 ዓመት ያህል ቆሞ ነበር። የከተማው ሰው ከነክሬኑ ለመደው። የፊቱ ገጽ የመካከለኛው ዘመን ንድፍ ደግሞ ጠፍቶ ቆይቶ በ1814 ግማሹ ዳርምሽታት ተገኘ፣ ሌላው ግማሽ በኋላ ፓሪስ። ብራና ላይ የተሣለ፣ ቁመቱ ከአራት ሜትር በላይ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ያንን ተከትለው ነው የጨረሱት። የጣሪያውን ማገር ግን በብረት ሠሩት። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። የቀደመው ፎርማን የተወልህን ፕላን አክብረህ መጨረስ ትልቅ ሥራ ነው።

እንደገና መሠራትንም በተመለከተ፣ ካፒቶሏ ማሪያም ግድግዳ ላይ አዲሱና አሮጌው ድንጋይ በቀለም ይለያያል። ቀረብ ብለህ እየው፤ የፈረሰበትን መስመር በጣትህ መከተል ትችላለህ።

ከፓሪስ መለሰች፦

እህቴ፣ እማማን ፓሪስ ይዘሻቸው ብትመጪ በ13 ቁጥር ሜትሮ ሳን ዴኒ የሚባለው ቤተክርስቲያን ትደርሳላችሁ። ጎቲክ ጀመረ የሚባለው እዚያ ነው። አበምኔቱ ሱዤ ይባል ነበር። አዲሱ መቅደስ የተቀደሰው በፈረንጅ ጁን 11 ቀን 1144 ነው። ሰውዬው የሥራውን ታሪክ ራሱ ጽፎ ትቷል። ለጣሪያው ረጃጅም ግንድ ሲፈልግ አናጢዎቹ «በዚህ አገር የለም» አሉት። ሌሊት አልጋው ላይ ሲያስብ አድሮ፣ ሲነጋ አናጢዎቹን ይዞ ጫካ ገባ። የሚፈልገው 12 ነበር፤ 12 አገኘ። ሌላም ይተርካል። ጣሪያው ሳይሸፈን፣ የድንጋይ ጅማቶቹ ብቻቸውን ቆመው ሳለ ኃይለኛ ማዕበል ተነሣ። ጅማቶቹ ሲንቀጠቀጡ ሰው ሁሉ እያየ ነበር፤ ግን አልወደቁም።

ፓሪስ መሀል ያለውን ሰንት ሻፔል የሚባለውን ቤተክርስቲያንም ጨምሩ። በ1248 የተቀደሰ ነው፤ ዶሙ በተጀመረበት በዚያው ዓመት። ላይኛው ክፍል ግድግዳ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሁሉም ባለቀለም መስታወት ነው። መውጫው ግን ጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ስለሆነ ለጉልበታቸው አስቢ።

የራይን ዳር መለሰች፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬ መጥታ ሄዳለች ማለት አልቻልኩም፤ ገና አራት ቀን ይቀራታል። ግን ያየነውን ልንገራችሁ።

ካፒቶሏ ማሪያም በር ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች። «እማዬ፣ እዚህ አይወለቅም» ብላት አልሰማችኝም። ደጁን ስማ ገባች። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቢሆንም በካልሲ ዞረችው። የእንጨት በሩ ጋ ስንደርስ ላስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር። ጋሼ፣ አንድም ነገር አላስረዳኋትም። ራሷ አንድ በአንድ እየጠቆመች ነገረችኝ። ይሄ ብሥራት፣ ይሄ ልደት፣ እነዚህ ሰብአ ሰገል፣ ይሄ ሄሮድስ። ወቅቱ ጽጌ ነው። ስደቱ ጋ ስትደርስ «እመቤቴን!» ብላ እንባዋ መጣ። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አንድ ሰዓት ያህል አልተነሣችም።

የክርኑን ነገር እቤት ጠረጴዛ ላይ አሳየኋት። ወዲያው ገባት። ዶሙ ውስጥ ቀና ብላ ምሰሶውን በዓይኗ ተከትላ እስከ ጣሪያው ወጣች፣ ከዚያ «ውጭ ያሉት ክንዶች እዚህ ጋ ነው የሚይዙት?» አለችኝ። በመስታወቱ በኩል ጥላቸው ይታይ ነበር። ኮርቼባታለሁ። የሰብአ ሰገል ሣጥን ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች።

የትኛው ይበልጣል ስላት ግን ሳትጠራጠር ያቺን ጨለምለም ያለችዋን መረጠች። ከዓመታት በፊት ለገና ላሊበላ ሄዳ ነበር። «እንደዚያ ነው፤ ዓይንሽ እስኪለምድ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ» አለች። ዶሙ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልክ አንሥቶ ፎቶ ስለሚያነሣ መጸለይ አልቻለችም።

አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ መመለስ አቃተኝ። ይህን ሁሉ ድንጋይ ከየት አመጡት? ጋሼ፣ ያውቁታል?

ግንበኛው መለሰ፦

እናትሽን ሰላም በይልኝ። ደህና ጥያቄ ነው የጠየቁት፤ ግንበኛም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የዶሙ የድሮው ክፍል ድንጋይ በብዛት የመጣው ድራኸንፌልስ ከሚባል ተራራ ነው። ከኮሎኝ ወደ ደቡብ፣ ከቦን ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ራይን ዳር ነው። ከተራራው ፈልጠው ወደ ወንዙ ያወርዱታል፣ ከዚያ ጀልባ ላይ ጭነው ወደ ታች ከወንዙ ጋር ነው። ውሃው ራሱ ያመጣላቸዋል። ተራራው ላይ የተቆረጠበት ቦታ ዛሬም ይታያል።

አራት ቀን ካላቸው ቅዳሜ ውሰጃቸው። ኮኒግስቪንተር ድረስ በባቡር ትሄዳላችሁ። ከዚያ ተራራው አናት ድረስ ጥርስ ባለው ሐዲድ የምትወጣ ትንሽ ባቡር አለች፤ ጉልበታቸው አይጎዳም። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ዶሙ ጎራ በሉና መቅደሱ አጠገብ ያለ አንድ አሮጌ ድንጋይ ቀርበው ይዩ። ግራጫው ውስጥ ጣት ጥፍር የሚያካክል ነጭ አብረቅራቂ ፍንጣቂ አለ። ተራራው ላይ ስትደርሱ ዐለቱ ላይ ያንኑ ፍንጣቂ ይፈልጉ። ያገኙታል።