ለድሬዳዋ ግቢ የትንኝ መከላከያ ጥቆማ፦ ርጭት ይሻላል ወይስ ክዳንና ወንፊት?

ጥያቄ (ከሳቢያን)

በግቢያችን ውስጥ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ፣ ሦስት በርሜሎች፣ በርካታ የአበባ ማሰሮዎችና አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አሉ። ትንኙ ቀንም ሌሊትም ዕረፍት ነሥቶናል። አንድ የተባይ ማጥፊያ ድርጅት በወር አንድ ጊዜ ግቢውን በጭስ ለመርጨት የውል ሐሳብ አቅርቦልናል። ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት በከተማችን የሞከራችሁትን አገልግሎትና ዕቃ እያነጻጸራችሁ ብትጠቁሙን እናመሰግናለን።

መልስ (ከከዚራ)

ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የእጅ ባትሪ ይዛችሁ የበርሜሎቹን ክዳን አንሡና ወደ ውኃው አብሩ። ጥቃቅን ትል የመሰሉ ነገሮች ጥላችሁ ሲያርፍባቸው እየተጥመለመሉ ወደ ታች ከወረዱና ጥቂት ቆይተው ለመተንፈስ ወደ ላይ ከተመለሱ፣ የትንኙ ምንጭ ከጎረቤት ሳይሆን ከራሳችሁ በርሜል ነው ማለት ነው። ጭራው ላይ ባለች መተንፈሻ ተንጠልጥሎ ጭንቅላቱን ወደ ታች የሚዘቀዝቀው ኤደስ ወይም ኩሌክስ የተባሉት የትንኝ ዓይነቶች እጭ ሲሆን፣ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚተኛው የወባ አስተላላፊዋ የአኖፊለስ እጭ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ማግኘት በድሬዳዋ እንግዳ ነገር አይደለም።

የጭስ ርጭት በዚያች ሰዓት በአየር ላይ ያለችውን ትንኝ ይገድላል፤ በውኃ ውስጥ ያለውን እጭ ግን አይነካም። በከተማችን ሙቀት ከዕንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ዕድገት ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ገደማ ስለሚጠናቀቅ፣ በወር አንድ ጊዜ በሚደረግ ርጭት መካከል ቢያንስ ሁለት አዳዲስ ትውልዶች ይደርሳሉ። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ለብዙዎቹ የተለመዱ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች የመቋቋም ባሕርይ እንዳላት በጥናት ታይቷል። ይህች ትንኝ እንደ ቀደሙት የወባ ትንኞች የዝናብ ኩሬ የምትጠብቅ ሳትሆን በሮቶ፣ በበርሜልና በግንባታ ሥፍራ በሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ የምትራባ በመሆኗ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ በደረቁ ወራት ጭምር በወባ ስትጠቃ ባለሙያዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በእርሷ ላይ ነበር።

ስለዚህ የእኔ ጥቆማ ገንዘቡን አስቀድማችሁ በክዳንና በወንፊት ላይ እንድታውሉ ነው። በግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቆች በሜትር ከሚሸጠው የትንኝ ወንፊት ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ምረጡ። የፕላስቲኩ ወንፊት ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም በፀሐያችን ቶሎ ይሰባበራል፤ በሮቶ አናት ላይ ለሚውል የአሉሚኒየሙ ወይም የፋይበር ግላሱ ይሻላል። ብዙ ሰው የሮቶውን ክዳን ጠርቅሞ የትርፍ ውኃ መውጫ ቱቦውን ግን ክፍት ይተዋል፤ ትንኟም በዚያ ትገባለች። የቱቦውን አፍ በወንፊት ሸፍኖ በሽቦ ማሰር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በርሜሎቹንም ከመኪና የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አፋቸውን ዙሪያውን ጠብቆ በሚይዝ ወንፊት መሸፈን ይቻላል፤ ውኃው በባልዲ የሚቀዳ ከሆነ ግን ወንፊቱ በየጊዜው ስለሚነሣ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል መግዛት በረጅም ጊዜ ያዋጣል።

በርሜሉን ባዶ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ቀን የምትነክሰው፣ እግሮቿ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት ኤደስ ዕንቁላሏን ከውኃው ገጽ ከፍ አድርጋ በግድግዳው ላይ ስለምታጣብቅና ዕንቁላሉ ደርቆ ለወራት ስለሚቆይ፣ በሳምንት አንድ ቀን የበርሜሉን ውስጥ በሻካራ ብሩሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል። በከተማችን እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያን የተባሉትን የትኩሳት በሽታዎች ያዛመተችው ይህችው ናት።

ሮቶውን በየሳምንቱ ማጠብ ስለማይቻል፣ ለእርሱ ቴሜፎስ፣ በንግድ ስሙ አቤት የሚባለውን የእጭ ማጥፊያ እመክራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ላይ የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ከ1 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ነው፤ 1 በመቶ የሆነው ጥራጥሬ ከሆነ ይህ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም፣ ለእናንተ ሮቶ 200 ግራም ይሆናል። በቀበሌያችሁ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጠይቁ፤ ስያሜና መጠን ሳይጻፍበት በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጠውን ዱቄት ግን በምትጠጡት ውኃ ውስጥ ፈጽሞ እንዳትጨምሩ።

መልስ (ከገንደቆሬ)

ከላይ የመለሱት ወንድማችን ስለ ክዳን የጻፉትን እስማማበታለሁ፤ ርጭትን ግን ጨርሶ ከንቱ አድርጎ ማየት አይገባም። በሠፈር ውስጥ ሕመምተኛ ሲበዛ በራሪዋን ትንኝ በፍጥነት መቀነስ ሌላው ዘዴ የማይሰጠው ጥቅም ነው። የመረጣችሁት ድርጅት የኬሚካሉን ስም በጽሑፍ የሚሰጥ፣ የሚረጨውም ማለዳ ወይም ወደ ማታ ነፋስ ሲረጋ መሆን አለበት። ከመርጨቱ በፊት ግቢውን ዞሮ ውኃ ያቆሩ ዕቃዎችን የማይመረምር ድርጅት ከሆነ እኔ አልከፍለውም። አንዱ ድርጅት እኛ ዘንድ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ ረጭቶ ጭሱ ወዲያው ወደ ሰማይ ሲወጣ ቆመን ዐይተናል።

በሱቅ ከሚገኙት መካከል ፍሊት ለተዘጋ ክፍል እንጂ ለግቢ አይሆንም። ክብ ተጠቅልሎ የሚጨሰው ማባረሪያ በረንዳ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ጥቂት ይረዳል፤ አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ባለበት ክፍል ውስጥ ግን ባይነድ ይመረጣል። ሰማያዊ መብራት ያለው የኤሌክትሪክ መግደያ የሚሰበስበው ባብዛኛው ሌላ ነፍሳት ስለሆነ ለትንኝ ብላችሁ አትግዙት፤ በድምፅ ያባርራል የሚባለውም እንዲሁ ነው። ከሁሉ ርካሹና እኔ ዘወትር የምጠቀምበት ቬንቲሌተር ነው፤ ትንኝ የመብረር ኃይሏ ደካማ በመሆኑ ነፋሱ ወደ እግር ሲመራ መጠጋት ያቅታታል። እርግጥ መብራት ሲጠፋ ይኸም ያበቃል። የኒም ቅጠልና የጥንጁት ጭስ ለጊዜው ይረዳሉ፤ ዛፉ በግቢ መቆሙ ብቻውን ግን ትንኝ አያርቅም።

ጥያቄ (ከሳቢያን)

ሁለታችሁንም እናመሰግናለን። በርሜሎቹን ከፍተን ስናይ ሁለቱ እጭ ነበረባቸው፤ የጭንቅላት መዘቅዘቁንም በዓይናችን አየን። ሁለት ነገር ብቻ እንጨምር። ልጆቻችን በቀትሩ ሙቀት ይተኛሉና ለዚያ ሰዓት ምን ይሻላል? ሌሊት ጆሮ ላይ የምትጮኸዋስ ከየት ትመጣለች?

መልስ (ከከዚራ)

ለቀትር እንቅልፍ ከአጎበር የተሻለ አላውቅም፤ ብዙ ሰው አጎበርን የሌሊት ዕቃ ብቻ አድርጎ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ኤደስ የበለጠ የምትነክሰው ማለዳና ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ልጆቹ በእነዚህ ሰዓታት በግቢ ሲጫወቱ እጅና እግር የሚሸፍን ስስ ልብስ መልበሳቸው ጥሩ ነው።

ሌሊት የምትጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ውኃ የምትወድደው ኩሌክስ ናት። የመጸዳጃ ጉድጓዱን የመተንፈሻ ቱቦ አፍ በዚያው ወንፊት ሸፍኑት፤ የጉድጓዱ ክዳን ዙሪያ ስንጥቅ ካለውም በሲሚንቶ ድፈኑት። ከአበባ ማሰሮዎቹ ሥር ያሉትን ሳህኖች ውኃውን ደፍታችሁ በአሸዋ ሙሏቸው፤ አሸንዳው በኒሙ ቅጠል መደፈን አለመደፈኑንም መሰላል አቁማችሁ ተመልከቱ፤ ዛፍ ባለበት ግቢ ውኃ ከሚያቁሩት ቦታዎች አንዱ እርሱ ነው።