በጨዋማ ባሕር ዳርቻ፣ ሁሉን የሚያስቆፍር ብረት መፈለጊያ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

አወያይ፦

የሰመር ወራት ሲቃረብ፣ ለጨዋማ ባሕር ዳርቻና ጥልቀት ለሌለው ውሃ የሚሆን ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ስለ መምረጥ የሚጠይቁ አባላት እየበዙ መጥተዋል። ባለፈው ሳምንት በባልቲሞር የሚኖሩ አንድ አባላችን፣ ለባሕር የሚገዛ ሰው ፐልስ ኢንዳክሽን የተባለውን፣ በአጭሩ ፒአይ የሚሉትን ዓይነት እንጂ ሌላ መግዛት እንደማይገባው ጽፈው ነበር። ፒአይ ከአሸዋው ሥር ያለው ሚስማር ይሁን ወርቅ ሳይለይ ስለሚጮህ፣ የያዘው ሰው የጮኸበትን ሁሉ ለመቆፈር ይገደዳል፤ ተቃውሞው የተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፣ ሕዝብ በሚዝናናበት ባሕር ዳርቻ ግለሰቦች እንዲህ ባለው መሣሪያ እንዲፈልጉ ሊፈቀድላቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው። የምትኖሩበትን አገር ሕግ እየጠቀሳችሁ በምክንያት ተከራከሩ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ።

ከባልቲሞር፦

እኔ ይፈቀድ ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ከጨው ውሃው ባሕርይ ይጀምራል። ጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ (በአንድ የሞገድ ድግግሞሽ) ብቻ የሚሠራ መሣሪያ እርጥብ አሸዋ ላይ ሲደርስ ባሕሩን ራሱን እንደ ብረት ይቆጥረዋል። ማዕበሉ መጥቶ በኮይሉ፣ ማለትም አሸዋውን በሚያስሰው የመሣሪያው ጫፍ ላይ ሲያልፍ ይጮኻል፤ ሲመለስም ይጮኻል። ጩኸቱን ለማስታገስ የመሣሪያውን ንቃት ዝቅ ሲያደርጉት ደግሞ የሚፈልጉት ቀለበት ድምፅ አብሮ ይጠፋል። እንደ ጋሬት ኤቲ ፕሮ ያለው፣ በ15 ኪሎኸርዝ የሚሠራ መሣሪያ እስከ 3 ሜትር ጥልቀት ውሃ አለማስገባቱ ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል፤ ውሃ አለማስገባትና በጨው ውሃ ውስጥ በወጉ መሥራት ግን ለየቅል ናቸው።

የፒአይ አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምት ወደ ኮይሉ ልኮ ድንገት ያቋርጠዋል፤ ከዚያም ጥቂት ማይክሮሰከንዶች ቆይቶ የሚመለሰውን ምላሽ ያዳምጣል። የጨው ውሃው ምላሽ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ሲከስም፣ የቀለበቱ ምላሽ ግን ይቆያል። ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን የበዛበት ጥቁር አሸዋም ቢሆን ሌሎቹን መሣሪያዎች የሚያሳብዳቸውን ያህል ፒአይን አያስቸግረውም።

ቁፋሮውን በተመለከተ፣ ለእኔ ጉዳት ሳይሆን ለሕዝብ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። የዛገ ሚስማር፣ የዓሣ መንጠቆ፣ የድንኳን ካስማ፣ የቢራ ቆርኪ፣ ይህ ሁሉ ሕፃናት በባዶ እግራቸው ከሚሮጡበት አሸዋ የሚወጣው የጮኸውን ሁሉ በሚቆፍር ሰው ነው። እንደ ሚስማር ያለውን የሚዝግ ብረት ለይቶ ዝም የሚለው መሣሪያ ግን መንጠቆውን እያወቀ እዚያው ትቶት ያልፋል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ወንድሜ፣ ስለ ጨው ውሃ የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ምርጫውን በአንድ ፍሪኩዌንሲና በፒአይ መካከል ብቻ ማድረግዎ ክርክሩን ከጅምሩ ያጠበዋል። ማይንላብ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ በ2018 ኢኩዊኖክስ 600ና 800 የተባሉትን መፈለጊያዎች ለገበያ አቅርቧል፤ የፈረንሳዩ ኤክስፒ ዴውስ 2ን፣ የቱርኩ ኖክታም ሌጀንድን አምጥተዋል። ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚባሉት እነዚህ ሁሉ በዝቅተኛና በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ ያዳምጣሉ፤ የጨው ምላሽ በየፍሪኩዌንሲው ስለሚለያይም አነጻጽረው ከድምፁ ውስጥ ይቀንሱታል። ኢኩዊኖክስ ቢች 1 የተባለውን አሠራር ለደረቅና ለእርጥብ አሸዋ፣ ቢች 2ን ደግሞ ኮይሉ ውሃ ውስጥ ለሚገባበት ጊዜ ለይቶ ያቀረበው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሁሉን የማያስቆፍርና ጨውን የሚችል መሣሪያ እያለ፣ ሕዝብ በሚቀመጥበት አሸዋ ላይ ሁሉን ለሚያስቆፍረው ፈቃድ መስጠት ለምን ያስፈልጋል?

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል፤ ገዢዎችም ልብ ይበሉልኝ። የሚዝገውን ብረት መለየት ማለት ወርቅን መለየት ማለት አይደለም። ትንሽ የወርቅ ቀለበት፣ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀትና የቆርቆሮ መጠጥ መክፈቻው የዕቃውን ዓይነት በሚጠቁመው የመሣሪያው መስኮት ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ያሳያሉ። እነዚህን ላለመቆፈር የወሰነ ሰው ወርቁንም ላለመቆፈር ወስኗል። ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲው የሚያድነን ከሚስማርና ከመንጠቆ ቁፋሮ ነው፤ የድሮ የእንጨት ድልድይ በነበረበት፣ ሚስማር በሚበዛበት ዳርቻ ግን ይህ ብቻውን የጉድጓዱን ብዛት እጅግ ይቀንሰዋል።

ፒአይ የሚስተው ነገር ደግሞ አለ፤ በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ብዙ ጊዜ በባሕር የሚጠፋውም እሱ ነው፤ መስቀል የሚንጠለጠልበት ቀጭን የወርቅ ሐብል። ሐብል ለዓይን አንድ ነገር ቢመስልም፣ ለመሣሪያው ግን እርስ በርስ በደንብ ያልተነካኩ የጥቃቅን ቀለበቶች ስብስብ ነው። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን እንኳ የሚሰጠው ምላሽ የአንዷን ቀለበት ያህል ብቻ ነው፤ የእሷም ምላሽ እንደ ጨው ውሃው ፈጥኖ ስለሚከስም፣ ፒአይ ማዳመጥ ሲጀምር ሐብሉ ቀድሞ ዝም ብሏል። መስቀሉ ወፈር ያለ ከሆነ እሱ ይሰማል፤ ማያያዣውም ሊሰማ ይችላል። ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲውም ውሃ ውስጥ በዚሁ ይቸገራል፤ በደረቅ አሸዋ ላይ ግን ዕድሉ የተሻለ ነው።

ከአሽቀሎን፦

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በአክብሮት አነበብኩ፤ ነገር ግን እኛ በምንኖርበት አገር ጥያቄው ከመሣሪያው ዓይነት በፊት ይጀምራል። በ1978 የወጣው የእስራኤል የቅርስ ሕግ፣ ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራን ነገር ቅርስ ነው ይላል። የተገኘ ቅርስ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ያገኘው ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ በብረት መፈለጊያ ቅርስ መፈለግም ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። በከነዓናውያን፣ በፍልስጥኤማውያን፣ በሮማውያንና በመስቀል ጦረኞች ዘመን ወደብና ከተማ በነበረ ዳርቻ ላይ፣ የጠፋ ቀለበት ብቻ ነው የምፈልገው የሚል ሰው እግሩ ሥር ያለውን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

የእኛ ባሕር ሌላም ጠባይ አለው። የሜዲትራኒያን መሸሽና መመለስ በእኛ በኩል ከግማሽ ሜትር አይዘልም፤ እናንተ በአትላንቲክ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ የምታገኙት ሰፊ እርጥብ አሸዋ እዚህ የለም። ፈላጊው ብዙም ሳይቆይ ወደ ውሃው ለመግባት ይገደዳል፤ የብርዱ ወራት ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ የጥንቱን ንጣፍ የሚያጋልጠው ደግሞ እዚያው ከጉልበት እስከ ደረት በሚደርሰው ውሃ ውስጥና ከዚያ ጥቂት ዘለቅ ብሎ ነው። በ2015 በቂሳርያ ጥንታዊ ወደብ ጠላቂዎች የወርቅ ሳንቲሞች አይተው ለባለሥልጣኑ ስላሳወቁ፣ የቅርስ ባለሥልጣኑ የባሕር ክፍል አብሯቸው ተመልሶ ወደ 2,000 የሚጠጉ፣ ፋጢሚዮች የተባሉት የእስልምና ገዢዎች ዘመን ሳንቲሞችን ከባሕሩ ወለል ሰብስቧል። ሳንቲሞቹ የት እንደነበሩና ከምን ጋር እንደነበሩ የታወቀው ያዩት ሰዎች አፍሰው ወደ ቤታቸው ስላልሄዱ ነው።

ወደ መሣሪያው ስመለስ፣ የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ ለባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲው ያቀረቡት መከላከያ እዚህ ላይ አይሠራም። ለሚዝግ ብረት ዝም የሚል መሣሪያ ቅርስን አያድንም፤ የጥንት ሳንቲም ነሐስ፣ ብር ወይም ወርቅ ነውና መሣሪያው በጥራት ለይቶ የሚያሳየው እሱኑ ነው። እንዲያውም ከፒአይ የበለጠ ለቅርስ የሚያሰጋው ይኸው ቁጥር እያሳየ ሳንቲሙን ብቻ የሚያስለቅመው መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ መታገድ ያለበት መሣሪያ ሳይሆን ቦታ ነው። ጥንታዊ ወደብና የሰጠመ መርከብ ያለበት ዳርቻ ለሁሉም ዓይነት መሣሪያ ይዘጋ፤ ተራው የመዋኛ ዳርቻ ደግሞ በፈቃድ ይከፈት።

ከዊልሚንግተን፣ ደላዌር፦

የአሽቀሎኑ ወንድማችን ያሉት እዚህም በዓይን የሚታይ ነው። በ1785 ከአየርላንድ ስደተኞችን ይዛ ወደ ፊላዴልፊያ ስትጓዝ የነበረች ፌዝፉል ስቱዋርድ የተባለች መርከብ በኢንዲያን ሪቨር መግቢያ አጠገብ ሰጥማ ከመቶ በላይ ሰው አልቋል። የጫነቻቸው የመዳብ ሳንቲሞች ከማዕበል በኋላ እስከ ዘመናችን ወደ ዳርቻው ሲተፉ ስለኖሩ ቦታው ኮይን ቢች ይባላል። በግዛታችን ፓርክ ከአሸዋ ጉብታዎቹ ወደ ባሕሩ ባለው ዳርቻ መፈለግ ይፈቀዳል፤ በጉብታዎቹ ላይ ግን አይፈቀድም። በባሕሩ ወለል ውስጥ የተቀበረው የመርከብ ስብርባሪ ደግሞ በ1987ቱ የተተዉ መርከቦች ሕግ መሠረት የግዛቱ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ የሜሪላንዱ አሳቲግ ብሔራዊ ባሕር ዳርቻ ስትደርሱ፣ በፌዴራል ፓርኮች ደንብ መሠረት መጠቀም ይቅርና መሣሪያውን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ መያዝ እንኳ ጥፋት ነው። አሸዋው አንድ ነው፤ ባሕሩም አንድ ነው፤ ሕጉ ግን ሦስት ነው። ለገዢዎች የምመክረው፣ በብዙ መቶ ዶላር ውሃ የሚችል መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት በሚሄዱበት ዳርቻ ውሃ ውስጥ መግባት መፈቀዱን ዳርቻውን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት እንዲጠይቁ ነው። የማይፈቀድ ከሆነ የሚያስፈልጋቸው የእርጥብ አሸዋ መሣሪያ ብቻ ነው።

ከለንደን፦

ወንድሞቼ፣ እኔ የመሣሪያ ሰው አይደለሁም፤ የሠርግ ቀለበቷ በባሕር የጠፋባት ሴት ነኝ። ስለ መንግሥትና ስለ ቅርስ ብዙ ተባለ፤ ውስጡ ስምና ቀን የተቀረጸበት ቀለበት ያገኘ ሰውስ ግዴታው ምንድን ነው? እዚህ በእንግሊዝ ከሰጠመ መርከብ የወጣ ነገር በ28 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ሹም እንዲነገር ሕግ ያዛል፤ ስለ እኔ ቀለበት ግን ማንም ሲናገር አልሰማሁም።

ከአሽቀሎን፦

እኅቴ፣ ጥያቄሽ ከሁላችንም መቅደም ነበረበት። በእስራኤል በ1973 የወጣ የጠፋ ንብረት መመለሻ ሕግ አለ፤ ያገኘ ሰው ለባለቤቱ ይመልሳል፣ ወይም ለፖሊስ ያስረክባል፤ ባለቤቱ በአራት ወር ውስጥ ካልተገኘ ያገኘው ሰው ባለቤት ይሆናል። ፈቃድ ይሰጥ ከተባለ፣ ፈቃዱ የተገኘውን ቀለበት የማስመዝገብ ግዴታ ያካትት እላለሁ።

ከባልቲሞር፦

ይህን የምዝገባ ሐሳብ ያለ ማመንታት እደግፈዋለሁ፤ ስለ ቦታ የተባለውንም እቀበላለሁ። የማልቀበለው ፒአይ ከሌሎቹ ተለይቶ እንዲከለከል ነው። የአሽቀሎኑ ወንድሜ እንዳሳዩት፣ ለቅርስ የሚያሰጋው ለይቶ ማስለቀሙ ከሆነ፣ የእኔ መሣሪያ ከሁሉ ያነሰ ስጋት ነው። ስለ ጉድጓዱ ደግሞ፣ ቀዳዳ ባለው ረጅም የብረት አካፋ የሚቆፍር ሰው የቆፈረውን ወዲያው ይደፍናል፤ የማይደፍን ካለ መቀጣት ያለበት በመሣሪያው ሳይሆን ባልደፈነው ጉድጓድ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

መደፈኑ በደረቅ አሸዋ እውነት ነው። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ግን ጉድጓዱ ገና ሲቆፈር ጠርዙ ይናዳል፤ 30 ሴንቲሜትር የገባን ዕቃ ለማውጣት ደጋግሞ ማስፋት ግድ ነው፤ የተናደውንም የሚያስተካክለው ቀጣዩ ማዕበል እንጂ ቆፋሪው አይደለም። ሕፃናት በሚዋኙበት ሰዓት እንዲህ ያለውን ቁፋሮ በየሚስማሩ መደጋገም ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ስለዚህ ሙሉ ክልከላውን ትቼ፣ ፒአይ ዋናተኞች ከመምጣታቸው በፊትና ከሄዱ በኋላ ብቻ ይፈቀድ ወደሚለው እመጣለሁ። ከዚህ ያለፈ ነፃነት እንዲሰጠው ግን አልስማማም።

መሣሪያ ለመግዛት ለጠየቁትም አንድ ነገር ልጨምር። ብሉቱዝ ውሃ ውስጥ አያልፍም፤ ስለዚህ ገመድ አልባው ማዳመጫ ኮይሉ ብቻ ሲጠልቅ ይሠራል፣ መቆጣጠሪያው አብሮ ከጠለቀ ግን ይቋረጣል። ጎንበስ ብለው መቆጣጠሪያውን ውሃ ውስጥ የሚያስገቡ ከሆነ ውሃ የማያስገባ ባለ ገመድ ማዳመጫ አብረው ይግዙ፤ በተመለሱ ቁጥርም መሣሪያውን፣ በተለይ የማዳመጫውን መሰኪያ፣ በንጹሕ ውሃ ይጠቡት።