በእሽግ አመላላሽ ድርጅት ሥራ ልጀምር ነው፤ ወገቤን ሳልጎዳ እንዴት ልዝለቀው?

ጠያቂ (አዲስ ገቢ)፦

ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ሰኞ በአንድ የእሽግ አመላላሽ ድርጅት መጋዘን ውስጥ በጫኝና አውራጅነት ሥራ እጀምራለሁ። ላለፉት 6 ዓመታት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሠራ ስለቆየሁ፣ ትልቁ ስጋቴ ሰውነቴ ይህን ሥራ ይችለው እንደሆነ ነው። ፈረቃው ጎሕ ሳይቀድ ተጀምሮ ረፋድ ላይ ያበቃል።

ለቃለ መጠይቅ በሄድኩበት ቀን መጋዘኑን ሲያስጎበኙኝ ያየሁት አንድ ነገር ከዐይኔ አልጠፋ አለ። ዕድሜው ገፋ ያለ ሠራተኛ ከተሳቢው ውስጥ ካርቶን ሲያወርድ፣ እያንዳንዱን ከማንሳቱ በፊት ጥጉን በመዳፉ ገፋ ያደርገዋል፤ ከዚያ አንዳንዱን ብቻውን ያነሣል፣ አንዳንዱን ግን ባለበት ትቶ ጓደኛውን ይጠራል። አጠገቡ የነበረው ወጣት ያገኘውን ሁሉ ላፍ እያደረገ ዕቃ ተሸክሞ ወደሚሄደው ማጓጓዣ ቀበቶ ይልክ ነበር፤ ያም ሆኖ ሁለቱ ድርሻቸውን የጨረሱት እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሰውየው ምን እያደረገ ነበር? ደግሞስ ፍጥነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጠበቅብኛል ወይ? የወገብ መታጠቂያስ ልግዛ?

መልስ (የ11 ዓመት ጫኝ)፦

እንኳን ደስ አለዎት። ያዩት ሰው ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው። ካርቶን በመጠኑ አይታመንም፤ ትራስ የሞላበት ትልቅ ካርቶን በአንድ እጅ ይነሣል፣ የጫማ ሳጥን የምታህል ብሎን የሞላች ካርቶን ግን ክንድ ታስረዝማለች። ዐይን «ቀላል ነው» ብሎ የነገረውን ጡንቻ አምኖ ሲነሣ፣ ዕቃው ከብዶ ከተገኘ ጉዳቱ የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው። ጥጉን ገፋ ሲያደርጉት ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ወደ የትኛው ጎን እንዳጋደለና ውስጡ የሚንከባለል ነገር መኖሩንም ይነግርዎታል። አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም፤ ለዚህ ነው ሰውየው ከወጣቱ ወደ ኋላ ያልቀረው።

ስለ ክብደት ሲወራ ሰው ሁሉ ኪሎውን ብቻ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ርቀቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ያሻሻለው የማንሻ ቀመር፣ ሁሉም ነገር ሲመቻች አንድ ሰው ቢያነሣው የሚመከረውን ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ግራም ያደርገዋል። ሲመቻች ማለት ዕቃው ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከቁርጭምጭሚት 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ፣ ሰውየው ሳይጠማዘዝ ሲያነሣው ነው። እጅዎን ዘርግተው ርቀቱን 50 ሳንቲ ሜትር ካደረሱት ግን ያው 23 ኪሎ ወደ 11.5 ኪሎ ይወርዳል። እግርዎን ሳያንቀሳቅሱ ወገብዎን 90 ዲግሪ ቢያዞሩ ደግሞ ወደ 16 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጓቸውማ ወደ 8 ኪሎ ገደማ ይወርዳል።

ይህን የምጽፈው ደርሶብኝ ስለሆነ ነው። በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ ለማንሳት ከባድ ያልነበረ ካርቶን ይዤ እግሬን ተክዬ ከወገቤ በላይ ብቻ ወደ ቀበቶው ዞርኩ። ቀጭ ያለውን ድምፅ የሰማሁ መስሎኛል። ሦስት ሳምንት ካልሲዬን በራሴ ማጥለቅ አቃተኝ። ስለዚህ አደራ የምልዎት፦ አፍንጫዎና የጫማዎ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልከቱ፤ መዞር ሲያስፈልግ በእግር ይዙሩ፤ ዕቃውን ወደ ሆድዎ አስጠግተው ይያዙት።

መልስ (የሌሊት ፈረቃ)፦

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ተሳቢው ልጨምር፣ ምክንያቱም አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመደበው እዚያ ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት አይቁሙ። መኪናው መንገድ ላይ ሲነቃነቅ ጭነቱ ወደ በሩ ስለሚንሸራተት፣ ወደ ጎን ቆሞ ቀስ ብሎ መክፈት ግዴታ ነው። ሲያወርዱ ከላይ ይጀምሩ እንጂ፣ ከመሐል የወጣ ምቹ ካርቶን አይተው አይምዘዙ፤ የተደረደረው ሁሉ ይናድብዎታል። ሲጭኑ ደግሞ ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ አድርገው፣ እንደ ጡብ ግንብ የታችኛውን መጋጠሚያ የላይኛው ካርቶን እንዲሸፍነው እያደረጉ ከወለል እስከ ጣሪያ ግድግዳ ይሥሩ። ክፍተት የተተወበት ግድግዳ መንገድ ላይ መፍረሱ አይቀርም።

ወደ ማጓጓዣው ቀበቶ ሲጠጉ የተንጠለጠለ ልብስ፣ የአንገት ሐብልና የተፈታ ጸጉር አይኑርብዎት። በመጀመሪያው ቀን፣ ከሁሉ በፊት፣ ቀዩ የአስቸኳይ ማቆሚያ ቁልፍ የት የት እንዳለ ይጠይቁ። የተቀረቀረ ዕቃ ለማስለቀቅ ቀበቶው ሳይቆም እጅ መስደድ ወይም ላዩ ላይ መውጣት ፈጽሞ አይገባም።

ስለ ፍጥነት፦ አለቆች ይቆጥራሉ፣ ይህን አልደብቅዎትም፤ ስካነሩ ራሱ ይቆጥራል። ነገር ግን ባርኮዱ ሳይነበብ ወይም ወደ ተሳሳተ ተሳቢ የገባ አንድ እሽግ ሌላ ከተማ ደርሶ እስኪመለስ የሚያባክነው ጊዜ፣ እርስዎ ቀስ ብለው በመሥራትዎ ከሚባክነው እጅግ ይበልጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መለያ ወረቀቱ ወደ ላይ ወይም ወደ እርስዎ እንዲዞር አድርጎ ማስቀመጥን ይልመዱ። እጅ ሲለምድ ፍጥነቱ ሳይጠሩት ይመጣል። ሴፍቲ ጫማና የሚይዝ ጓንት አይለይዎት። መታጠቂያውንም ይግዙ፤ እኔ ሳደርገው ወገቤ ይበረታልኛል።

መልስ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ)፦

ከላይ የተሰጡት ምክሮች መልካም ናቸው፤ በመታጠቂያው ጉዳይ ብቻ፣ ጸሐፊውን በማክበር፣ አልስማማም። ከላይ የተጠቀሰው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ግምገማ፣ መታጠቂያ ጤነኛ ሠራተኛን ከወገብ ጉዳት ለመከላከሉ በቂ ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጾ፣ ለዚህ ዓላማ እንዲውል አልመከረም። እኔን የሚያሳስበኝ፣ የታጠቀ ሰው የተጠበቀ መስሎት ሳይታጠቅ የማይደፍረውን ክብደት መድፈሩ ነው። በገንዘቡ ጥሩ ጫማ ቢገዙበት ይሻላል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነትዎ መታመሙ አይቀርም፤ ይህ ሊያስደነግጥዎ አይገባም። ያልለመደ ጡንቻ ከሥራው ቀን ይልቅ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበልጥ ያማል፤ ስለዚህ ከሰኞው ይልቅ ረቡዕ ቢብስብዎት ከሥራው ጋር አልተስማማሁም ብለው ተስፋ አይቁረጡ። የጡንቻ ሕመም ሰፊና ደብዘዝ ያለ ሲሆን፣ ሲንቀሳቀሱበት እየላላ ይሄዳል። በአንጻሩ አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ፣ ከወገብ ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርድ፣ ወይም መደንዘዝና መቆርጠም ያለበት ሕመም ከተሰማዎት «ነገ ይተወኛል» ብለው ዝም አይበሉ። በዚያው ቀን ለአለቃዎ አስመዝግበው ሐኪም ይዩ። ብዙ ሰው አዲስ ስለሆነ ያፍራል፤ ሕክምና ክፍላችን ዘግይተው ከሚመጡት አብዛኞቹ ይህንኑ ነው የሚነግሩኝ።

ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት 5 ደቂቃ ትከሻን፣ ዳሌንና ጉልበትን ማፍታታት፣ ጥም ሳይሰማም በየጊዜው ውኃ መጠጣት ይጠቅማል።

ጠያቂ (አዲስ ገቢ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መታጠቂያውን ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የረጠበ ወይም የሚያፈስ እሽግ ባገኝ ምን ላድርግ? በጉብኝቱ ጊዜ አንድ እንዲህ ያለ ካርቶን ሁሉም ዞሮት ሲያልፍ አይቻለሁ።

መልስ (የ11 ዓመት ጫኝ)፦

ዞረውት ማለፋቸው ትክክል ነበር፤ ማንም ለአለቃ ሳይናገር ከሆነ ግን አጥፍተዋል። አይንኩት፣ ለማሽተትም አይጠጉት፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው እዚያው አካባቢ ቆመው አለቃ ይጥሩ። መለያ ወረቀቱን ከርቀት ይመልከቱ፤ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ምልክት ካለበት አደገኛ ዕቃ ነው፣ ከታች ያለው ቁጥርም ዓይነቱን ይነግርዎታል። 3 ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነው፤ 8 ቆዳንና ብረትን የሚበላ ነው፤ የላይኛው ግማሹ በጥቁር መስመሮች የተሰመረበት 9 ላይ የባትሪ ሥዕል ካዩ ሊቲየም ባትሪ ነው። ባትሪ የያዘ ካርቶን ከተጨፈለቀ ወይም ከሞቀ፣ ባይፈስም እንኳ፣ ቀበቶው ላይ እንዳይወጣ ያድርጉ። ሰኞ ሲገቡ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገኝ የሚጠራው ሰው ማን እንደሆነና በየትኛው ስልክ እንደሚገኝ ጠይቀው ይያዙ።