ጥቆማ፦ ለአሜሪካ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ወኪልነት ፈተና ኬሚስት በምን ይዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነኝ፣ የኬሚስትሪ ዲግሪ ይዣለሁ። ፒኤልአይ ልመዝገብ፣ ዋይዝብሪጅ (ሁለቱም የፈተና መሰናዶ ኮርሶች ናቸው) ወይስ ቢሮው ያወጣቸው የድሮዎቹ ነጻ ፈተናዎች ይበቁኛል? እህታችሁን ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፈተናው ኬሚስትሪ አይጠይቅም። ዲግሪሽ ለመቀመጥ ያበቃሻል እንጂ የሚመጣው ሕግና አሠራር ነው። በሁለት ክፍል 100 የምርጫ ጥያቄ አለው፣ ለእያንዳንዱ 50 ጥያቄ ሦስት ሰዓት። 10ሩ አይታረሙም፤ ከ90ው 63 ከመለስሽ አለፍሽ። ፓተንት አይተሽ የማታውቂ ከሆነ ፒኤልአይ ውድ ቢሆንም ከሥሩ ያስተምርሻል። ላቦራቶሪሽ ውስጥ ማመልከቻ ሲዘጋጅ ያየሽ ከሆነ ግን ዋይዝብሪጅ ይበቃል፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። የትኛውንም ብትገዢ ኤምፒኢፒ (የፓተንት ቢሮው መመሪያ) በነጻ ነው፤ ፈተናው ላይም ይከፈትልሻል። ግን ለአንድ ጥያቄ የሚደርስሽ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ምዕራፉን ሳታውቂ ፍለጋ ከገባሽ ሰዓቱ በላሽ። ምዕራፍ 2100ን እና 700ን አጥብቂ፣ ከዚያ 600፣ 200 እና 1800።

ሌላ መልስ፦ ነጻዎቹን አትናቂ፣ ግን ምረጪ። የመጨረሻዎቹ የወጡት በኤፕሪልና ኦክቶበር 2003 ነው። ከማርች 16 ቀን 2013 ወዲህ ለሚቀርብ አዲስ ማመልከቻ የሚሠራው «ፓተንቱ ቀድሞ ላመለከተ ነው» የሚለው ስለሆነ ቀድሞ ስለፈለሰፈ የሚጠይቁትን ዝለያቸው፤ መልሱ ለአዲስ ማመልከቻ ዛሬ ስህተት ነው። የይግባኝ፣ የማሻሻያና የክሌም (የሚጠበቀውን ፈጠራ ወሰን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር) አጻጻፍ ጥያቄዎች ግን ዛሬም ያሠለጥናሉ፤ ቀነ ገደብና ክፍያ ካለባቸው ብቻ ከአሁኑ መመሪያ ጋር አመሳክሪ።

ኬሚስት የሚወድቅበትን ልንገርሽ። ለምሳሌ ክሌሙ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና ያለ አጽጂ ንጥረ ነገር) ይላል፤ ከማመልከቻው በፊት የታተመ ጽሑፍ ደግሞ ከ10 እስከ 20 ይላል። ክልሎቹ ስለተደራረቡ የቢሮው መርማሪ «ግልጽ ነው» (ለባለሙያ በቀላሉ የሚደረስበት ነው) ብሎ ውድቅ ያደርጋል። አመልካቹ ያልተጠበቀ ውጤት ቢያሳይም ዳታው 12 በመቶ ላይ ብቻ ከሆነ መላውን ክልል አይሸፍንም። አንቺ በኬሚስት ዓይን «ውጤቱ አስገራሚ ነው» ብለሽ ትመርጫለሽ፤ ትክክለኛው መልስ ግን ኤምፒኢፒ ክፍል 716.02 ላይ ተቀምጧል። በክሌም ውስጥ የሚገቡትን «ኮምፕራይዚንግ» (የሚያካትት) እና «ኮንሲስቲንግ ኦፍ» (ከእነዚህ ብቻ የተሠራ) የሚሉትንም ለይተሽ ያዢ፦ የመጀመሪያው ተጨማሪ ንጥረ ነገር ያስገባል፣ ሁለተኛው ይዘጋል።

ሌላ መልስ፦ ዲግሪሽ ከአገር ቤት ከሆነ ከአሜሪካው ጋር አቻ መሆኑን የሚያሳይ ግምገማ አስቀድመሽ አሠሪ። ማመልከቻው ከጸደቀ በኋላ በፈተና ማዕከል ለመቀመጥ ያለሽ 90 ቀን ነው፣ ስለዚህ ሳትዘጋጂ አታመልክቺ። የትኛው የኤምፒኢፒ እትም እንደሚፈተን ከቢሮው ድረ ገጽ አይተሽ ያንኑ አውርጂ፤ የኮርሱ ጥያቄ ሌላ እትም ላይ ከሆነ አሳሳች ነው።